መዝገቡ የማያውቀው፣ ዳኛው የሚያውቁት

የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲውን ሚያዝያ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ካጸደቀ ወዲህ የሕግ ሰዎች በተገናኙበት ሁሉ የሚነሳው ጥያቄ ስለ ወደፊቱ ነው። ልዩ ፍርድ ቤቱ እንዴት ይቋቋም? ልዩ ዐቃቤ ሕጉ ተጠሪነቱ ለማን ይሁን? የእውነት አፈላላጊ ኮሚሽኑ ሥልጣኑ እስከ የት ነው? ጥያቄዎቹ ተገቢ መሆናቸውን የሚክድ የለም። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ አንድ ጥያቄ ሲነሳ አለመስማቴ ነው። ይህች አገር እኮ ልዩ ዐቃቤ ሕግ ስታቋቁም የመጀመሪያ ጊዜዋ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 22/1984 አቋቁማ፣ ከ5000 በላይ ሰዎችን ከሳ፣ ዋናውን መዝገብ ብቻ ከ1987 እስከ 1999 ዓ.ም. ስታከራክር ቆይታለች። እነዚያ ዳኞች፣ ዐቃብያነ ሕግና ተከላካይ ጠበቆች ከዚያ ሁሉ ዓመት ምን ይዘው ወጡ? ማን ጠየቃቸው?

ለጥናታቸው ሲሉ ጥቂቶቹን ያነጋገሩ ተመራማሪዎች አሉ፤ ሥራቸውም የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ዳኛውን ቁጭ አድርጎ፣ ፊደል ከቆጠሩበት ቀን ጀምሮ ጡረታ እስከወጡበት ቀን ድረስ አስነግሮ፣ ድምፃቸውን ቀርጾ፣ ነገ አንድ የሕግ ተማሪ ሄዶ እንዲያዳምጠው ያስቀመጠ ተቋም የለንም። ጊዜው ደግሞ አይጠብቅም። ዋናው የቀይ ሽብር ክስ ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ዓ.ም. ሲከፈት የ45 ዓመት ጎልማሳ የነበረ ዳኛ ዛሬ 75ን አልፏል። በጃንሆይ ዘመን በከፍተኛው ፍርድ ቤት ከውጭ አገር ዳኞች ጎን የተሰየሙት፣ ዙፋን ችሎት ሲያስችል ቆመው ያዩት፣ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ገና ትኩስ ሳለ በእጃቸው ይዘው የፈረዱበትማ አብዛኞቹ አልፈዋል። የእነሱን ነገር ልተወው፤ ያመለጠን አመለጠን። የምጽፈው ገና ስላላመለጡን ነው።

ይህን ሐሳብ ለሙያ ባልደረቦቼ ባነሳሁ ቁጥር የማገኘው መልስ አንድ ዓይነት ነው፦ “መዝገቡ አለ አይደል?” እኛ የሕግ ሰዎች በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የሚለውን ተረት ከማንም በላይ እናምናለን። ያልተጻፈ ነገር ለእኛ እንዳልተደረገ ነው። መዝገብ ሲባል ግን ምን እንደሚይዝና ምን እንደማይዝ ከእኛ በላይ የሚያውቅ ሊኖር አይገባም ነበር።

ያንኑ ዋናውን መዝገብ እንውሰድ። የፌዴራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምንና ባልደረቦቻቸውን በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ አለ። ጥር 3 ቀን ዕድሜ ልክ እስራት ፈረደ። ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ብሎ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግንቦት 18 ቀን 2000 ዓ.ም. ቅጣቱን ወደ ሞት ከፍ አደረገው። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ የሞት ፍርዱ ለ23ቱ ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠ። ይህ ሁሉ ተጽፏል። ከሥር ፍርድ ቤቱ ሦስት ዳኞች አንዱ በሐሳብ መለየታቸውም ተጽፏል። የልዩነቱ ምክንያት የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 281 ነበር። ያ አንቀጽ ከተባበሩት መንግሥታት የዘር ማጥፋት ስምምነት አልፎ ለፖለቲካ ቡድኖች ጭምር ጥበቃ ይሰጥ ስለነበር፣ ደርግ ራሱ ያወጣቸው ሕጎች ይህን ጥበቃ አንስተውታል ወይስ አላነሱትም የሚለው ነው ዳኞቹን የለያየው።

እስከዚህ ድረስ መዝገቡ ጥሩ ምስክር ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን አያውቅም። በዐሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ዳኛ ሲቀየር፣ አዲሱ ዳኛ በጆሮው ያልሰማውን ምስክር በምን መዘነው? ልጇ የተገደለባት እናት ስትመሰክር የዋለ ዳኛ ማታ ቤቱ ገብቶ ምን አደረገ? እራት በላ? ያን ሰሞን ከዳኞቹ መካከል የገዛ ወንድሙን በቀይ ሽብር ያጣ አልነበረም? ከነበረስ ራሱን ከችሎት ለማንሳት አስቦ ያውቃል? ሐሳባቸው የተለየው ዳኛ ልዩነታቸውን ለባልደረቦቻቸው የነገሩት መቼ ነው፣ በመጨረሻው ሳምንት ወይስ ከዓመታት በፊት? በይግባኝ የተሰየሙት ዳኞችስ አንድም ምስክር በዓይናቸው ሳያዩ ዕድሜ ልክን ወደ ሞት ሲለውጡ ከምን ተነሱ? የፍርዱ ጽሑፍ የሕግ ምክንያቱን ይሰጣል። ነገ ልዩ ፍርድ ቤት ውስጥ የሚቀመጠው ወጣት ዳኛ ግን ከሕግ ምክንያቱ ይልቅ እነዚህን መልሶች ይፈልጋቸው ይመስለኛል። አንቀጹንማ ከነጋሪት ጋዜጣ ያገኘዋል።

የሌላ አገር ችሎት የራሳችንን ጉዳይ እንዴት እንደያዘው ላንሳ። በደርግ ዘመን የከፍተኛ 9 ሊቀ መንበር የነበረው ቀልቤሳ ነገዎ አሜሪካ ገብቶ በአትላንታ ሆቴል ሲሠራ፣ ያሰቃያቸው ሦስት ኢትዮጵያውያት ሴቶች በዚያው ከተማ ፌዴራል ፍርድ ቤት በፍትሐ ብሔር ከሰሱት። እ.ኤ.አ. በ1993 ተፈረደላቸው፤ በ1996 ደግሞ የአስራ አንደኛው ምድብ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ፍርዱን አጸናው። እሱም በ2006 ወደ ኢትዮጵያ ተባረረ። ከሦስቱ አንዷ የሆኑት ወይዘሮ ሂሩት አበበ በኋላ የቀይ ሽብር ሰነዶች እንዲሰበሰቡ ብዙ የደከሙ ሴት ናቸው። በአሜሪካ ፍርድ ቤት እያንዳንዱ ቃል እንደተነገረ ይጻፋል። ጠበቃው ያቋረጠበት፣ ዳኛው “ይድገሙልኝ” ያሉበት ሳይቀር ይሰፍራል። በእኛ አገር የምስክር ቃል ለብዙ ዘመን የተጻፈው በዳኛው እጅ ነው፤ ዳኛው ሰምተው፣ አሳጥረው፣ በራሳቸው አገላለጽ። ዛሬ በፌዴራል ፍርድ ቤቶችና በአንዳንድ የክልል ችሎቶች ድምፅ ተቀርጾ ወደ ጽሑፍ ይገለበጣል። የወረዳ ችሎት የሚያውቅ ሰው ግን እስክሪብቶው ገና ጡረታ እንዳልወጣ ያውቃል።

እኔ ይህን የምጽፈው ከእንጅባራ ነው፤ ሽማግሌዎች ዛሬም ኮሶ በር ከሚሏት የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን መዲና። እዚህ ደግሞ የመዝገቡ ነገር አንድ እጥፍ ይጨምራል። የክልሉ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት፣ አዋጅ ቁጥር 59/1994፣ ለአዊ የራሱን የብሔረሰብ ምክር ቤት ሰጥቶታል፤ ልጆች በአዊኛ ይማራሉ። መዝገቡ የሚጻፈው ግን በአማርኛ ነው። የገጠሩ ባለጉዳይ በአዊኛ ይናገራል፣ አስተርጓሚው በአማርኛ ይመልሳል፣ ዳኛው አሳጥረው ይጽፋሉ። ይግባኝ ሰሚው ዳኛ የሚያነቡት እንግዲህ የማጠቃለያ ማጠቃለያ፣ ያውም የትርጉም ማጠቃለያ ነው።

በዚህ አካባቢ ለረጅም ዓመታት ፈርደው አሁን ጡረታ ላይ ያሉ አንድ ዳኛ ያጫወቱኝን ላካፍላችሁ። ስማቸውን አልጠቅስም፤ እሳቸውም አልፈቀዱልኝም። ጉዳዩ የውርስ ነበር። አንዲት አሮጊት ለምስክርነት ቀረቡ። ሟቹ ያሳደገው አንድ ጎልማሳ ወራሽ ነኝ ብሎ መሬቱን ይዟል፤ የሟች የወንድም ልጆች ደግሞ ከሳሾች ናቸው። አሮጊቷ በአዊኛ “እንደ ልጁ ነው ያሳደገው” ብለው መሰከሩ። አስተርጓሚው፣ ቀኑ ሙሉ ቆሞ የዋለ የደከመው ሰው፣ “ልጁ ነው ትላለች” አለ። ዳኛው አዊኛ አፋቸውን የፈቱበት ቋንቋ ነው። ሁለቱንም ሰምተዋል።

“ታዲያ ምን አደረጉ?” አልኳቸው።

“ምን አደርጋለሁ? እኔ ዳኛ ነኝ እንጂ ምስክር አይደለሁ፤ አስተርጓሚም አይደለሁ” አሉ። “ተሳስተሃል ብለው ተከራካሪው ዳኛው ወገን ይዟል ይለኛል። ዝም ብለው እውነት ሲገለበጥ አየሁ ማለት ነው።”

ያደረጉት በሌላ መንገድ መጠየቅ ነበር። “ይህን ሰው የወለደው ማነው?” ብለው አስጠየቁ። አሮጊቷ ሌላ ሰው ጠሩ። አስተርጓሚው ይህንን በትክክል ተረጎመው። መዝገቡ ላይ ሁለቱም ተከታትለው ተጻፉ፤ መጀመሪያ “ልጁ ነው”፣ ቀጥሎ “የወለደው እገሌ ነው”። የሥር ፍርድ ቤቱ ለወንድም ልጆቹ ፈረደ። በይግባኝ ግን የጎልማሳው ጠበቃ ምስክሯ በአንድ ትንፋሽ ሁለት ቃል ሰጥታለች ብሎ ተከራከረ፤ ከመዝገቡ አንፃር ትክክል ነበር። ይግባኝ ሰሚው ችሎትም ለአሮጊቷ ቃል ግምት ሳይሰጥ ቀረ። አሮጊቷ ስለዚህ ጉዳይ የሰሙት ነገር መኖሩን ዳኛው አያውቁም። እሳቸው ግን ከሃያ ዓመት በላይ ይዘውት ኖረዋል። ሲነግሩኝ ያችን አንዲት የአዊኛ ቃል ሦስት ጊዜ ደገሟት።

ለዚህ ነው መዝገቡ አለ ሲሉኝ የማልረካው። ይህ ታሪክ በየትኛውም መዝገብ ቤት መደርደሪያ ላይ አይገኝም። ደግሞም ስለ አንድ መሬት ብቻ የሚናገር አይደለም። በዚህ አገር ስንት ይግባኝ በዚህ ዓይነት መዝገብ ላይ ተወሰነ የሚለውን ጥያቄ ይከፍታል። ሰበር ሰሚ ችሎቱ የሚሰጠው የሕግ ትርጉም ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ጀምሮ በየደረጃው ያሉትን ፍርድ ቤቶች ሁሉ የሚያስገድድ ሆኗል፤ አዋጅ ቁጥር 1234/2013ም ይህንኑ አጽንቷል። እነዚያን በየቅጹ የታተሙ ውሳኔዎች ስናነብ ከላይ ወደታች የሚወርደውን ሕግ እናያለን። ከታች ወደላይ የወጣው ቃል በየደረጃው ምን ያህል እንደተሸራረፈ የሚያውቁት ግን የዞንና የወረዳ ዳኞች፣ የችሎት ጸሐፊዎች፣ አስተርጓሚዎችና በፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ሲጽፉ ያረጁ ራፖር ጸሐፊዎች ናቸው።

መዝገብም ቢሆን ደግሞ ዘላለማዊ አይደለም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ፍርድ ቤቶች ተዘርፈዋል፣ መዝገቦች ወድመዋል። ጦርነት ያልደረሰበትም ቦታ ቢሆን ዝናብ የሚያስገባ ጣሪያና ምስጥ ያውቁበታል። አገው ምድር አውራጃ በነበረበት ዘመን መቀመጫው ዳንግላ ነበር፤ የአውራጃው ፍርድ ቤትም እዚያው። በ1960 ዓ.ም. ጎጃም በእርሻ ገቢ ግብር ሲያምፅ፣ በየአውራጃው ተይዘው የቀረቡ ገበሬዎች ፊት የተቀመጡት ዳኞች የንጉሠ ነገሥቱን አዋጅ ከገበሬው አቤቱታ ጋር እንዴት እንዳስታረቁት ልንጠይቃቸው የምንችላቸው ሰዎች ዛሬ በጣት የሚቆጠሩ ቢሆኑ ነው። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተካሄደው የመሬት ሽግሽግ “ቢሮክራት” ተብለው መሬታቸው የተቀነሰባቸው ገበሬዎች ጉዳይ ግን ቅርብ ነው። ገበሬዎቹ እስከ አዲስ አበባ ድረስ አቤት ብለዋል። ስም ሰጪው ኮሚቴ ነበር፤ ስሙን ለማስነሳት ፍርድ ቤት የሄደ ገበሬስ? መዝገብ ከፈቱለት ወይስ ሥልጣን የለንም ብለው መለሱት? የመለሱት ዳኞች በልባቸው ምን እያሉ መለሱት?

መዝገብ ውስጥ ፈጽሞ የማይገባ አንድ ነገር ቢኖር ደግሞ ስልክ ነው። ስለ ፍርድ ቤት ነጻነት በየስብሰባው ሠላሳ ዓመት አውርተናል፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 79 ላይ ዳኞች ከሕግ በስተቀር በሌላ ሁኔታ አይመሩም ይላል። ስልክ የተደወለለት ዳኛ ስንት ነው? አልቀበልም ያለውስ ምን ሆነ? ማንም ሳይደውልለት፣ ይደወልልኝ ይሆናል ብሎ ገና ለገና የፈረደስ? ከሁሉም የምፈራው ይህን የመጨረሻውን ነው፤ አሻራ የለውምና። ይህን ሊነግረን የሚችለው ራሱ ዳኛው ብቻ ነው፤ እሱም ካረጀና ከማንም ምንም የማይጠብቅበት ዕድሜ ላይ ከደረሰ።

የምናውቃቸው ጥቂት ታሪኮች ባለታሪኮቹ በሌላ ምክንያት ስለታወቁ የቀሩልን ናቸው። በ1993 ዓ.ም. የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ አቶ ስዬ አብርሃ በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ። አቶ ስዬ ወዲያው እንደገና ተያዙ፤ በሙስና የተጠረጠረ ሰው የዋስ መብቱን የሚያጣበት ማሻሻያም በአዋጅ ቁጥር 239/1993 ወጣ። ወይዘሪት ብርቱካን በኋላ የፓርቲ መሪ፣ እስረኛ፣ የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ባይሆኑ ኖሮ ያችን ቀን ስንቶቻችን እናስታውሳት ነበር? ምርጫ 97ን ተከትሎ የተፈጠረውን ሁከት እንዲያጣራ የተቋቋመውን ኮሚሽን የመሩት የደቡብ ክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የነበሩት አቶ ፍሬሕይወት ሳሙኤልና ምክትላቸው ዳኛ ወልደ ሚካኤል መሸሻም 193 ሰላማዊ ሰዎች መገደላቸውን የሚናገረውን ግኝት ይዘው ከአገር ወጥተዋል። እነሱን የጠየቃቸው የውጭ ጋዜጠኛ ነው፤ የጠየቃቸውም ስለ ቁጥሩ ነው። ኮሚሽነሮቹ እንዴት ተከራክረው እዚያ ቁጥር ላይ እንደደረሱ ቁጭ ብሎ የሚያስነግር የሕግ ሰው ያስፈልጋል።

የሰብዓዊ መብት ጠበቆችም ነገር እንዲሁ ነው። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤ በ1984 ዓ.ም. ሲቋቋም የሁሉም ዓይን በፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ላይ ነበር፤ ይገባቸዋልም። ፕሮፌሰሩ መስከረም 19 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲያርፉ ብዙ መጻሕፍት ትተውልን ሄዱ። እሳቸው ግን የጂኦግራፊ ሰው ነበሩ። መግለጫዎቹ እንዲወጡ በየእስር ቤቱ በር የተመላለሱት፣ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ጽፈው በሬጅስትራር መስኮት ቆመው የዋሉት ጠበቆችና መርማሪዎች መጽሐፍ አልጻፉም። የበጎ አድራጎት አዋጁ፣ ቁጥር 621/2001፣ ገንዘባቸውን ሲያሳግደው ሠራተኛ ተበተነ፣ ቢሮ ተዘጋ። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነገሩን ቢያስተካክለውም በመካከሉ የጠፋው የሰው ትውስታ በአዋጅ አይመለስም።

የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ታሪክ ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው። ለጋብቻ የጠለፋትን ሰው ገድላ የተከሰሰችውን የአበራሽ በቀለን ጉዳይ ይዞ ነጻ ያስወጣት ይህ ማኅበር ነበር፤ መሥራቿ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ከጥቅምት 2011 እስከ ጥር 2015 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት እስከ መሆን ደርሰዋል። ጉዳዩ “ድፍረት” በተባለው ፊልም ዓለምን ዞረ። ፊልሙ ነሐሴ 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ሲል ግን አበራሽ በቀለ ራሷ በፍርድ ቤት አሳገደችው፤ ታሪኩ የእኔ ሆኖ ሳለ እኔን ያማከረኝ የለም ብላ። ዕግዱ በኋላ በስምምነት ተነስቷል። ጠበቃው የሚያስታውሰው ድል ለባለጉዳዩ ቁስል ሊሆን እንደሚችል ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም። የጠበቆችን ቃል ስንቀርጽ የደንበኛውን ምስጢርና ፈቃድ ከመጀመሪያው ማሰብ አለብን የምለው ለዚህ ነው።

“ግለ ታሪክ እየታተመ አይደል?” የሚል አንባቢ ይኖራል። እውነት ነው፤ የደርግ ሹማምንት ጽፈዋል፣ ጄኔራሎች ጽፈዋል፣ ኢሕአፓም መኢሶንም የነበሩ ጽፈዋል። የመጻሕፍት መደብሮቻችን መደርደሪያ የተወቃሽና የወቃሽ ችሎት መስሏል። ዳኞች ግን ብዙም አይጽፉም፤ ሙያው ዝምታን ያስተምራልና። በጃንሆይ ዘመን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የነበሩት ዶክተር በረከት ሀብተ ሥላሴ ትዝታቸውን የጻፉት በእንግሊዝኛ፣ በውጭ አገር ሆነው ነው። ግለ ታሪክ ሌላም ችግር አለበት። ጸሐፊው ጠያቂም መላሽም ራሱ ነው፤ የማይመቸውን ጥያቄ አይጠይቅም። በቃል ታሪክ ግን መዝገቡን አንብቦ የመጣ ጠያቂ ፊትዎ ተቀምጧል፤ “በዚህ ቀን ቀጠሮ የሰጡት ለምንድነው?” ይልዎታል።

ሥራው በሌላው ዓለም አዲስ አይደለም። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ ይሠራዋል። ጥቁሮችንና ነጮችን የለያየውን የትምህርት ቤት ሕግ በ1954 ተከራክሮ ያፈረሰው ሰርጉድ ማርሻል በ1977 ቃሉን ለዚሁ ዩኒቨርሲቲ ሲሰጥ ገና በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ወንበር ላይ ነበር። በዋሽንግተን በዲሲ ምድብ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ዙሪያ የተቋቋመ የታሪክ ማኅበር ዳኞችንና ጠበቆችን ሲቀርጽ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ለእኛ የሚቀርበው ግን የደቡብ አፍሪካው ይመስለኛል። በአፓርታይድ ዘመን ለድሆች የተሟገተው በ1979 የተመሠረተው የሕግ ድጋፍ ማዕከልም፣ ከ1994 በኋላ የመጣው የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤትም፣ የሁለቱ ባለታሪኮች ቃል ተቀርጾ በዊትስ ዩኒቨርሲቲ ተቀምጧል። እነሱ ለእውነት ኮሚሽኑ ብቻ አልተዉትም።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ። የመጀመሪያው የዳኞች ምክክር ምስጢር ነው የሚለው ነው። ይህን በቁም ነገር እወስደዋለሁ። ዛሬ በችሎት ያለ ዳኛ ነገ ባልደረባዬ ይናገርብኛል ብሎ ከፈራ ምክክሩ ይበላሻል። መፍትሔው ማሸግ ነው፤ ዳኛው የፈለጉት ክፍል ለሃያ ዓመት ወይም ከሞታቸው በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ተዘግቶ ይቆያል። ሁለተኛው ትዝታ ይዋሻል የሚለው ነው። አዎን ይዋሻል። ምስክርም ይዋሻል፤ ለዚህ ብለን የሰው ምስክር መስማት አልተውንም። እንመረምረዋለን፣ ከሰነድ ጋር እናስተያየዋለን። አንድ ዳኛ ሠላሳ ዓመት ቆይቶ ያልሆነ ነገር ሆነ ብሎ ቢናገር፣ እንዲሆንለት የተመኘውን ነገራችሁ ማለት ነውና እሱም አይጣልም።

ሦስተኛው ከባዱ ነው፤ ደኅንነት። በአማራ ክልል ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ የተፈጠረውን ሁሉም ያውቃል። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. ጊዜው ሲያበቃ ግጭቱ አብሮት አላበቃም። በሁለት ወገን መካከል የሚኖር ዳኛ ስለ ትናንቱም ቢሆን ሲናገር ዛሬን አስቦ ነው። ጡረተኛው ዳኛ ስሜ አይጠቀስ ያሉኝ ያለ ምክንያት አይደለም። እንግዲህ ቁልፉን ማን ይያዝ? ብቻውን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሊይዘው አይገባም፤ የዛሬው መሥሪያ ቤት ቢታመን እንኳ የነገው ምን እንደሚሆን አናውቅምና። የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ አንድ ቅጂ ቢይዝ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም አንድ ቅጂ ቢይዝ፣ በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 የተቋቋመው የፌዴራል ጠበቆች ማኅበር ደግሞ የስምምነት ውሎቹን ቢጠብቅ፣ አንዱ ሲደክም ሌላው ይቆማል። የታሸገው ክፍል የሚከፈተው በሦስቱም ስምምነት ቢሆን ይሻላል።

ወጪው ያን ያህል አይደለም። እንጅባራ በየዓመቱ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞችን ለመቅረጽ ካሜራ የሚጎርፍባት ከተማ ናት፤ ማኅበሩ ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የኖረ ነው፣ ይቀረጽ፣ ደስ ይለኛል። ከዚያ ካሜራ አንዱ ከፈረሱ ሜዳ አንድ ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ ጡረተኛ ዳኛ ቤት ቢገባ ምን ነበረበት? የሚያስፈልገው መቅረጸ ድምፅ፣ ጸጥ ያለ ክፍልና ከሁሉ በላይ ሥራውን የሚያውቅ ጠያቂ ነው። የሕግ ተማሪዎች ለመመረቂያ የሚጽፉትን ጽሑፍ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ያንኑ አንቀጽ ይዘው ያንኑ መጣጥፍ ይገለብጣሉ። ከእነሱ መካከል ፈቃደኛ የሆነው አንድ መዝገብ ከመዝገብ ቤት አስወጥቶ፣ አንብቦ፣ ያን መዝገብ የፈረዱትን ዳኛ፣ ያስተረጎመውን ሰው፣ የተከራከሩትን ሁለት ጠበቆች ቢያናግር ለመመረቂያ ከበቂ በላይ ነው። እዚህ አካባቢ ደግሞ አዊኛ የሚችል ጠያቂ ግድ ነው። በአዊኛ የተነገረ በአዊኛ ይቀረጽ፤ ትርጉሙ ከጎኑ ይቀመጥ እንጂ በቦታው አይተካ። በችሎት የሠራነውን በቤተ መዛግብት መድገም የለብንም።

ጥያቄዎቹንም ከወዲሁ ማሰብ ያስፈልጋል። “ስለ ዳኝነት ነጻነት ምን ይላሉ?” ብሎ የጠየቀ የስብሰባ ንግግር ይዞ ይመለሳል። “ደመወዝዎ ስንት ነበር፣ ቤት ኪራይስ? ችሎት ሲሄዱ በእግር ነበር? ማን ጠባቂ ነበረዎት? በይግባኝ የተሻረብዎትን ፍርድ መቼ ሰሙ፣ ከማን? የትኛውን መዝገብ እንደገና ቢያገኙት ይከፍቱታል?” ብሎ የጠየቀ ግን የሆነ ነገር ያገኛል። ጠበቃውን “ክፍያ ሳይቀበሉ የያዙት የመጀመሪያ ጉዳይ የቱ ነው፣ ሚስትዎ ምን አሉ?” ይበለው። ዐቃቤ ሕጉን “ክስ አልመሠርትም ብለው ያውቃሉ?” ይበለው።

ቅደም ተከተሉ ደግሞ በማዕረግ ሳይሆን በዕድሜ ቢሆን እመርጣለሁ። ከጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንቶች መጀመር ለሥነ ሥርዓቱ ያምር ይሆናል፤ እነሱ ግን የሚጠይቃቸው አያጡም። ከ80 ዓመት በላይ የሆኑት የአውራጃ ዳኞች፣ ቀጥሎ በ1980ዎቹ በክልሎች የቀይ ሽብር መዝገብ ያዩት፣ ቀጥሎ የመሬት ሽግሽጉን ክርክር የሰሙት፣ ከዚያ ሌሎቹ። በእንጅባራ፣ በዳንግላና በቻግኒ የማውቃቸውን ቆጥሬ ሰባት ስም ጽፌያለሁ። ሁለቱ መስማት እየደከማቸው ነው፤ ጠያቂው ጮክ ብሎ መናገር ይኖርበታል።